ባለ 120 ካሬ ብሎኬት ቤት ሊፈርስ ነው፤ ፍርስራሹን ሁሉ በሲኖ (ገልባጭ መኪና) ከማስጫን ሌላ መንገድ አለ?

ባለቦታ_የካ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የካ ውስጥ 250 ካሬ ላይ ያረፈ ቤት አፍርሰን ጂ+3 ልንሠራ ነው። ዋናው ቤት 120 ካሬ ነው፤ ግድግዳው ባለ 20 ብሎኬት፣ ሁለት ፊቱ የተለሰነ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ግማሹ ቺፑድ ግማሹ ጄሶ፣ ወለሉ ባዞላ፣ መሠረቱ የድንጋይ ግንብ። ከጓሮ 35 ካሬ የሚሆን የጭቃ ሰርቪስ ቤት አለ። አጥሩ ያልተለሰነ ብሎኬት ነው።

ሊያፈርስ የመጣው ሰው ያቀረበው እንዲህ ነው፦ ቆርቆሮውን፣ በርና መስኮቱን፣ እንጨቱንና ፌሮውን (የአርማታውን ብረት) እሱ ይወስዳል፣ ለዚህም ትንሽ ገንዘብ ይከፍለናል። ቤቱን በሁለት ቀን በሎደር ያፈርሳል። ፍርስራሹን ማስጫን የእኛ ድርሻ ነው። ግምቱ 14 ወይም 15 ሲኖ ነው። የሲኖው ሒሳብ እሱ ከሚከፍለን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በወሩ ደግሞ ለአዲሱ ቤት ከወለል ሥር የሚደረደር የሶሊንግ ድንጋይና የሙሌት አፈር (ገረጋንቲ) ገዝተን በዚያው በር ልናስገባ ነው።

ግምቱ ትክክል ነው? ምን ያህሉን እዚያው ማስቀረት ይቻላል? ለየብቻ አድርጎ ማፍረስስ የቀን ሠራተኛ ዋጋውን ይመልሳል?


ፎርማን_ገርጂ

ወንድሜ፣ ግምቱ አልተጋነነም። የ120 ካሬ ቤት ግድግዳ የውስጡን ጨምሮ 80 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ቁመቱ 3 ሜትር ቢሆንና በርና መስኮቱ ሲቀነስ 200 ካሬ ግድግዳ ይቀራል። ብሎኬቱ 40 ሜትር ኩብ፣ ልስኑ ሁለቱም ፊት 2 ሴ.ሜ ከሆነ 8 ሜትር ኩብ። የመሠረቱ ድንጋይ (80 ሜትር በ0.5 በ1) 40፣ ከወለሉ ሥር ያለው ሶሊንግ 30፣ የወለሉ አርማታ ከነባዞላው 18፣ ቢምና ኮለኑ (የአርማታ አግዳሚና ምሰሶው) 12። ድምሩ 148 ሜትር ኩብ። ሲፈርስ ክፍተት ስለሚገባበት ከ1.4 እስከ 1.5 እጥፍ ያብጣል። 215 ሜትር ኩብ 16 ሜትር ኩብ ለሚጭን ሲኖ ሲካፈል 13 ተኩል ነው፤ የጭቃው ቤት ሲጨመር 14 ወይም 15 ይመጣል።

ግን እስቲ ቁጥሩን ከፋፍለህ እየው። ከ148ቱ 70ው ንጹሕ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ቆሻሻ የሚሆነው ከልስን፣ ከጄሶና ከዋልካ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ጋር ሲደባለቅ ነው፤ የሚያደባልቀው ደግሞ ሎደሩ ነው። ሎደር ግድግዳውን ከነጣሪያው ሲደፋው ቺፑዱ፣ መስታወቱ፣ ሚስማሩ፣ ጄሶው፣ ብሎኬቱ አንድ ክምር ይሆናል። ያንን ክምር መልሶ መለየት መጀመሪያውኑ ለይቶ ከማውረድ የበለጠ ጉልበት ይበላል። ስለዚህ ማሽኑ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ቤቱ የተሠራበት ቅደም ተከተል ተገልብጦ ይሄዳል፦

መብራትና ውሃ በየተቋሙ በኩል ይቆረጥ። ሠራተኛ የቆጣሪ ሽቦ ራሱ እንዳይነካ። ከዚያ ተነቃይ ነገሮች ይወጣሉ፦ ሽንት ቤት መቀመጫ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የውሃ ታንከር፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ሽቦው ከኮንዲዩቱ (ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረው ቱቦ) የሚወጣው ግድግዳው ሳይነካ ነው፤ ከተደረመሰ በኋላ ተቆርጦ ይቀራል። ረጅም አምፖሎች ሜርኩሪ ስላላቸው ሳይሰበሩ በካርቶን ይቀመጡ።

መስኮቱ ከመነቀሉ በፊት መስታወቱ ይውጣ። መስታወቱን የያዘው ስቱኮ በቢላ ተፍቆ ሲያልቅ መስታወቱ ሙሉውን ይወጣል። የብረት ፍሬሙን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ማውጣት የተለመደ ቢሆንም ፍሬሙን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ፍሬም ደግሞ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ግድግዳ ውስጥ የተቀበሩትን የብረት ጥፍሮች በግራይንደር ቆርጦ መግፋት ይሻላል። እንዲህ የወጣ በርና መስኮት መርካቶ ምናለሽ ተራ እንደ በርና መስኮት ይሸጣል።

ኮርኒሱ ላይ ጄሶውን ከቺፑዱ ለይና እዚያው በማዳበሪያ ከረጢት አስገባው፤ ወለል ላይ እንዳይደፋ። ለምን እንደሆነ ማቴሪያል የሚያውቅ ሰው ያብራራል። እኔ የምለው ጄሶ የነካውን ሙሌት ማንም ኢንጂነር አይቀበልህም።

ቆርቆሮው ከአናት ወደ ታች ይፈታል። ሚስማር መንቀያው ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ጣውላ ቁራጭ ከሥሩ ይደረግ፤ አለዚያ ቀዳዳው ይቀደድና ቆርቆሮው ለአጥር እንጂ ለጣሪያ አይሆንም። ለአጥር መሆኑም ቢሆን ትርፍ ነው፤ አዲሱ ግንባታ ለአንድ ዓመት መከለያ ይፈልጋል። ሁሉንም ለአፍራሹ አትስጠው። ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሲሚንቶ የሚመስል ሞገደኛ ክዳን ካጋጠመህ ግን አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አይሰበር፣ አይቆረጥ። በውሃ ይረስርስ፣ ሙሉውን ይውረድ፣ በወፍራም ላስቲክ ይጠቅለል፣ ለብቻው ይቀመጥ።

ወራጅና ማገሩ ላይ ያለው ሚስማር መሬት ሳይነካ እዚያው ይነቀልና በርሜል ውስጥ ይግባ። ምስጥ የበላው እንጨት በአንድ በኩል፣ ደህናው በሌላ በኩል። ደህናው ለአዲሱ ቤት ካሳፎርማ (የአርማታ ቅርጽ ማውጫ) መደገፊያ ይሆናል። ምስጥ ያለበትን ግቢ ውስጥ ከምረህ አታሳድር። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ የዘይት ቀለም የተቀባ አሮጌ እንጨት ለማገዶ አይሰጥ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ምጣድ ሥር ሲነድ ጭሱን የሚተነፍሱት እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

ከዚያ ግድግዳ። መጀመሪያ ልስኑ ይፈልፈል፣ ለብቻው ይከመር፤ ቀጥሎ ብሎኬቱ ከላይኛው ድርድር ጀምሮ በመሮና በመዶሻ ይውረድ። ሠራተኛ የሚያፈርሰው ግድግዳ ላይ ቆሞ እንዳይሠራ። ሥሩን በልቶ ግድግዳውን መጣልም የለም፤ ሰው የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። እዚህ ድረስ አምስት ሠራተኛ ከሳምንት በላይ ይፈጅበታል።

አሁን ማሽን ይግባ፣ ለቢም፣ ለኮለንና ለወለል። ወለሉ ላይ የሚበላሸው ይህ ነው፦ ኤክስካቫተሩ ባልዲውን አንዴ ሰድዶ አርማታውን፣ ሶሊንጉንና ከሥሩ ያለውን ዋልካ አብሮ ይዝቃል። ዋልካ የለበሰ ድንጋይ ሳይታጠብ ሶሊንግ አይሆንም። መጀመሪያ አርማታው በጃክሀመር ይሰበርና ይነሳ። ከዚያ ሶሊንጉ በሰው እጅ ይለቀም፣ የመጨረሻዋ አንድ ድርድር መሬት ላይ ትቅር። መሠረቱም እንዲሁ፣ በዲጅኖ ድንጋይ በድንጋይ።

የጭቃው ቤት ቀላል ነው። እንጨቱ ሲወጣ ጭቃና ጭዱ ወደ አፈር ይመለሳል፤ ለአትክልት ቦታ ይሆናል። ከወለል ሥር ግን አይገባም፣ ጭዱ ሲበሰብስ ይሰምጣል። ውጭው በሲሚንቶ ተለስኖ ከሆነ ያንን ቀድመህ ፍቀው።


ውልና_ማኅተም

ፎርማኑ ያለው ሁሉ ውል ላይ ካልሰፈረ አይሆንም። የአዲስ አበባ የማፍረስ ልማድ ችግሩ ያለው ስምምነቱ ላይ ነው፦ ዋጋ ያለውን የሚወስደው ሰው ዋጋ ለሌለው ኃላፊነት የለበትም። ስለዚህ ብረቱን ቶሎ አውጥቶ መሄድ እንጂ ድንጋዩ ንጹሕ ሆነ አልሆነ አይገደውም። ማቴሪያሉን ለመሸጥና ቤቱን ለማፍረስ ሁለት የተለያየ ውል ይኑርህ። ሰውየው አንድ ከሆነም ሁለት ወረቀት ይሁን።

በማፍረስ ውሉ ላይ እነዚህ ቃል በቃል ይግቡ፦ ኮርኒስ፣ ጣሪያ፣ በርና መስኮት ሳይወጣ ማሽን አይገባም፤ ድንጋይ፣ አርማታ፣ ብሎኬት፣ ልስን፣ ጄሶ በየራሱ ክምር ይቀመጣል፤ ክፍያው በክምር ልኬት እንጂ በቀን አይደለም፤ ከዋጋው ሩቡ ወይም ሲሶው ቦታው ተጠርጎ የመጣያ ደረሰኙ እስኪቀርብ ይያዛል። ይህ የመጨረሻው ከሌለ ሌላው ወረቀት ብቻ ነው።

ስለ ደረሰኙ፦ ከባድ መኪና ቀን ላይ ስለሚገደብ ጭነቱ ብዙውን ጊዜ ማታ ነው። ማታ ደግሞ ሹፌር ሩቅ ከመሄድ ቅርብ ያለ ወንዝ ዳር ይደፋል። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቡልቡላ ዳር ያለውን የአፈርና የብሎኬት ቁልል ያየ ያውቀዋል፤ ክረምት ሲመጣ ወንዙ ይጠብና ውሃው ሰው ቤት ይገባል። በየምልልሱ ትኬት አዘጋጅ፦ ታርጋ፣ ሰዓት፣ የጭነቱ ዓይነት፣ የተቀባዩ ፊርማና ማኅተም። ክፍያ የሚፈጸመው ማኅተም ያለው ትኬት ሲመለስ ነው። የተፈቀደው መድፊያ የት እንደሆነ ወረዳው ጽዳት ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዝ።

ሕጉም አለ። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የግንባታና የሕንፃ ፍርስራሽን ለይቶ ይመለከት ነበር፤ በ2017 በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። የማፍረሻ ፈቃዱን ከግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ሳታወጣ ሎደር እንዳታስገባ።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ ሰው «ቆሼ ይወሰድ» ይላል። ቆሼ፣ ማለትም ረጲ ያለው የከተማው ቆሻሻ ቁልል፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተከማቸ ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ገድሏል። በ2010 መጨረሻ የተመረቀው የኃይል ማመንጫ የሚቃጠል ቆሻሻ ነው የሚፈልገው። ብሎኬት አይነድም። እዚያ የሚደፋ ፍርስራሽ ቦታ ከመያዝና ቁልሉን ከማክበድ በቀር ጥቅም የለውም።


ባለቦታ_የካ

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። አንደኛ፣ የብሎኬቱ ስብርባሪና አርማታው ለአዲሱ ቤት ይሆናል ወይ? ክሬሸር ተከራዩ ያለኝ ሰው አለ። ሁለተኛ፣ 250 ካሬ ላይ ይህን ሁሉ የት ነው የምከምረው? የአዲሱ ቤት መሠረት 140 ካሬ ነው የሚይዘው።


ማቴሪያል_ቤት

ክሬሸሩን ተወው። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። የተፈጨ አሮጌ አርማታ ያለ ላብራቶሪ ምርመራ ለኮለን፣ ለቢምና ለሶሌታ (ለፎቅ ወለል አርማታ) አይገባም። ከጠጠሩ ጋር የተጣበቀው አሮጌ ሞርታር ውሃ ይጠጣል፣ ስለዚህ የውሃና ሲሚንቶው ልክ ይዛባል፣ ጥንካሬውም ይወርዳል። ያለ ሥጋት የሚገባበት ሊን ኮንክሪት (ከፉቲንግ፣ ማለትም ከኮለን እግር፣ ሥር የሚነጠፍ ስስ አርማታ) ነው። የጂ+3 ፉቲንግህ 12 ቢሆንና እያንዳንዱ 2 በ2 ቢሆን 48 ካሬ ነው፤ በ5 ሴ.ሜ ውፍረት 2.4 ሜትር ኩብ ብቻ። ለዚህ ሁለት ሠራተኛ በመዶሻ ወደ 4 ሴ.ሜ ቢሰባብሩት ይበቃል። ለ2.4 ሜትር ኩብ ማሽን አይከራዩም።

ዋናው መጠቀሚያ ሙሌት ነው። ከመሬት እስከ ወለሉ ሥር ያለው ከፍታ 30 ሴ.ሜ ቢሆን 140 ካሬ በ0.3 ማለት 42 ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ ሙሌት ያስፈልግሃል። ከዚያ በላይ 25 ሴ.ሜ ሶሊንግ፣ 35 ሜትር ኩብ። የአሮጌው ሶሊንግህ 30 ስለሆነ ቀሪውን 5 ከመሠረቱ ድንጋይ ትሞላለህ። የብሎኬቱና የአርማታው ስብርባሪ ደግሞ ከገረጋንቲ ጋር ሙሌቱ ይሆናል።

የሙሌቱ አሠራር ላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የብሎኬት ስብርባሪ ብቻውን ሲሞላ በመካከሉ ክፍተት ይቀራል። በዓመቱ ደቃቁ በውሃ እየታጠበ ወደ ክፍተቱ ይገባና ወለሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ፦ ትልቁ ቁራጭ ከ7.5 ሴ.ሜ አይብለጥ፤ ከገረጋንቲ ጋር እኩል በእኩል ይደባለቅ፤ በአንድ ጊዜ 20 ሴ.ሜ ብቻ ይነጠፍ፣ ይጠቅጠቅ፣ ከዚያ ቀጣዩ። ብሎኬታችን የሚሠራው ከፑሚስና ከቀይ አሽ ስለሆነ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ከመጠቅጠቁ አንድ ቀን በፊት ይረስርስ፤ ደረቁን ብትጠቀጥቀው ገረጋንቲው የሚያስፈልገውን እርጥበት ይጠጣበትና ሳይያያዝ ይቀራል። ስትጠቀጥቅ ዕቃው ከኮምፓክተሩ ሥር መንቀሳቀስ ሲያቆም ያ ድርድር አልቋል። ዋልካ ካለ ሙሌቱ ከመጀመሩ በፊት ተቆርጦ ይውጣ፤ ዋልካ ላይ የተሞላ ምንም ነገር በክረምት ይነሳል፣ በበጋ ይወርዳል።

ጄሶው ለምን ይለያል ለተባለው፦ ጄሶ ሰልፌት ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይሟሟና ወደ ላይኛው አርማታ ይወጣል። እዚያ ከሲሚንቶው ጋር ተዋሕዶ የሚያብጥ ውህድ ይሠራል፤ አርማታው ከውስጥ ይሰነጠቃል። የሟሟበት ቦታ ደግሞ ባዶ ይሆናል። የግድግዳ ልስን ላይ ጄሶ ተቀብቶ ከሆነ እሱም ከሙሌት ውጭ ነው። ጥርጣሬ ካለህ በጥፍርህ ፋቀው፤ ጄሶ በጥፍር ይፋቃል፣ የሲሚንቶ ልስን አይፋቅም። ቺፑድና እንጨት ደግሞ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠራል።

ቦታውን በተመለከተ፦ የመሠረቱ 40 ሜትር ኩብ ድንጋይ ሲከመር ወደ 60 ይሆናል፤ 1.5 ሜትር ከፍታ ካለው 40 ካሬ ይይዛል። የሶሊንጉና የስብርባሪው ክምር ሲጨመር ቦታህን ይሞላል። ስለዚህ መሠረቱ የሚቆፈረው በግማሽ በግማሽ ይሁን፣ ወይም የመሠረቱን ድንጋይ ሳይከመር ሽጠው። ከትርፉ 35 ሜትር ኩብ አካባቢ በሠፈሩ ግንብ የጀመረ ሰው ደስ ብሎት ይጭነዋል፤ የጫኝ ዋጋ እሱ ይቻል እንጂ በነጻ ቢሆንም አትራፊ ነህ። ክምር አጥር ላይ አታስደግፍ፤ ባለ 20 ብሎኬት አጥር የጎን ግፊት አይችልም። ከጉድጓድ ጫፍም ቢያንስ የጉድጓዱን ጥልቀት ያህል ይራቅ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በሲኖ የሚወጣው የሙሌቱ ትርፍ፣ ጄሶ የነካው ልስን፣ ቺፑዱና የተረፈ ነገር ነው። ከ15 ወደ አምስት ወይም ስድስት ምልልስ ይወርዳል። የተቆፈረው አፈር ግን ሌላ ሒሳብ ነው። እሱ ከፍርስራሽ ጋር እንዳይደባለቅ፤ ንጹሕ አፈር ተቀባይ አለው፣ የተደባለቀ የለውም።


ቤርጋ_12

ስለ ማፍረሱ በቂ ተብሏል። ከአዲሱ ቤት የሚወጣው ብክነት ግን ገና ሳይጀመር ነው የሚወሰነው፣ እዚያ ላይ ልጨምር።

ፌሮ። አንድ ቤርጋ (ሳይቆረጥ የሚሸጥ ሙሉ ብረት) 12 ሜትር ነው። የፎቅህ ከፍታ 3.20 ከሆነ፣ ባለ 16 ሚ.ሜ ኮለን ብረት ለመደራረቢያ 80 ሴ.ሜ (የውፍረቱ 50 እጥፍ) ሲጨመርለት 4.00 ይሆናል። ከአንድ ቤርጋ ሦስት ይወጣል፣ ቁራጭ የለም። አርክቴክቱ 3.40 ካደረገው 4.20 ይሆናል፤ ሁለት ብቻ ወጥቶ 3.60 ይቀራል። 12 ኮለን በስምንት ስምንት ብረት በአንድ ፎቅ 96 ነው፤ 48 ቤርጋ ይቆረጣል፣ 48 ጊዜ 3.60 ይቀራል። በሜትር 1.58 ኪሎ ሲታሰብ በየፎቁ 273 ኪሎ ቁራጭ። ይህ ቁራጭ ነው በኋላ በኪሎ የሚሸጠው።

መፍትሔው ከፍታውን መቀነስ ላይሆን ይችላል። ግማሹን ብረት ሁለት ፎቅ አስኪደው፦ 3.40 ሁለት ጊዜ ሲደመር 80 ሴ.ሜ፣ 7.60 ይሆናል። ከአንድ ቤርጋ 7.60 እና 4.20 ሲቆረጥ 11.80፤ የሚቀረው 20 ሴ.ሜ ነው። መደራረቢያው በአንድ ቦታ እንዳይሆን ኢንጂነሩም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ችግሩ 7.60 የቆመ ብረት በነፋስ ይወዛወዛል፣ ሥሩ ያለውን ትኩስ አርማታ ያላቅቃል። በአጣና በሁለት አቅጣጫ ይደገፍ፣ ስታፋውም (ብረቶቹን ዙሪያ የሚያስረው ቀለበት) እስከ ላይ አልፎ አልፎ ይታሰር።

ስታፋም እንደዚያው ነው። ለ30 በ40 ኮለን፣ ካቨሩ (ብረቱን የሚሸፍነው አርማታ) 2.5 ሴ.ሜ ከሆነ፣ የባለ 8 ሚ.ሜ ስታፋ ቁርጥ 1.36 ሜትር ነው። ከቤርጋ ስምንት ይወጣል፣ 1.12 ይተርፋል። ለ20 በ30 ቢም ስታፋ 0.96 ስለሚበቃ ዘጠነኛው ቁራጭ እሱ ይሆናል፤ 16 ሴ.ሜ ብቻ ይጣላል። ፌራዮው (ብረት ሠራተኛው) የመቁረጫ ዝርዝሩን ከመጀመሩ በፊት ይያዝ፣ የተረፈውም ቁራጭ በርዝመቱ ተለይቶ ይደርደር። ዝርዝር የሌለው ፌራዮ ሁልጊዜ ከአዲስ ቤርጋ ነው የሚቆርጠው።

ብሎኬት። ሁሉም ሰው በካሬ 12.5 ብሎ ያዝዛል፣ ከዚያ ለስብራት 5 በመቶ ይጨምራል። 12.5 ሞርታሩ ያልታሰበበት ቁጥር ነው። በ1 ሴ.ሜ መገጣጠሚያ አንድ ካሬ 11.6 ይፈጃል። ማለትም 7 በመቶው መጠባበቂያ ውስጡ አለ። ሌላ 5 ስትጨምርበት ሲያልቅ ደጅ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። ብሎኬቱን ከማዘዝህ በፊት የሰባት ቀን ውሃ ያገኘ መሆኑን አይተህ ውሰድ። ትኩስ ብሎኬት መኪና ላይ ነው የሚሰበረው።

ሌላው ትልቁ የቆሻሻ ምንጭ ግድግዳ ተለስኖ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ኤሌክትሪሺያንና ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ለኮንዲዩት ግድግዳ ይበሳል፣ ለሽንት ቤት መስመር ሶሌታ ይሰበራል፣ እንደገና ይለሰናል። ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት የቧንቧ ማለፊያ ቦታ ላይ ቁራጭ ፒቪሲ (የፕላስቲክ ቧንቧ) አቁም፣ አፉን በከረጢት ድፈን። ግንበኛው ብሎኬት ሲያነሳ ኮንዲዩቱ አብሮ በብሎኬቱ ቀዳዳ ይውጣ። የመብራት ንድፍ ሳይኖር ግንብ አይጀመር።

ሲሚንቶ ከመሬት 15 ሴ.ሜ ከፍ ያለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ 30 ሴ.ሜ ርቆ፣ ከ10 ከረጢት በላይ ሳይደራረብ ይቀመጥ። መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። የተቦካ ሞርታር ከአንድ ሰዓት ገደማ በላይ አይቆይም፤ ደርቆ ውሃ ጨምረው የሚያነቁት ልስን በወሩ ይረግፋል፣ እሱም ተመልሶ ቆሻሻ ነው። ልስን ሲለሰን ከግድግዳው ሥር ላስቲክ ይነጠፍ፤ የወደቀው በዚያው ሰዓት ተመልሶ ይለሰናል።


ግንበኛ_ሳሪስ

ኢንጂነሮቹ ጥሩ ብለዋል፣ ግን የተለሰነ ብሎኬት እየፈለፈሉ ሙሉ ብሎኬት አወጣለሁ ማለት በወረቀት ላይ ነው የሚያምረው። በሁለት ፊቱ ልስን፣ በአራት ጎኑ ሲሚንቶ ያለበትን ብሎኬት አንድ ሰው ሲያጸዳ ውሎ የሚያወጣው የቀን ሒሳቡን አይሸፍንም፤ ግማሹም እጁ ላይ ይሰበራል። ልስኑ የሚፈለፈለው ሙሌቱ ንጹሕ እንዲሆን ነው፣ እሱን እቀበላለሁ። ከዚያ በኋላ ብሎኬቱ ይሰበር፣ ሙሌት ይሁን።

የአጥሩ ብሎኬት ግን ሌላ ነው። አልተለሰነም፣ ሞርታሩም ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው፤ መገጣጠሚያው ላይ መሮ ሲገባ ይላቀቃል። ሁለቱን አጋጭተህ ጥርት ያለ ድምፅ ካወጣ ደህና ነው፣ ከደነቆረ ተሰንጥቋል። ለዘበኛ ቤት፣ ለሲሚንቶ መጋዘን፣ ተመልሶም ለአጥር ይሆናል። ለዋናው ቤት ክፍልፋይ አታስገባው። የአሮጌው ሻጋታ መጠን ከአዲሱ ስለሚለይ ግድግዳው ይወላገዳል፣ ያንን ለማቃናት ልስኑ 4 ሴ.ሜ ይደርሳል። የቆጠብከውን በሲሚንቶ ትከፍለዋለህ።

አሮጌውን ፌሮ አቃንቶ ለስታፋ መጠቀም ደግሞ ብዙ ሳይት ላይ አያለሁ። አንዴ ታጥፎ የተቃና ብረት እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ ስታፋ ደግሞ ሥራው እጥፋቱ ላይ ነው። በኪሎ ሽጡት፣ ወደ ማቅለጫ ይሂድ።


ፎርማን_ገርጂ

ሳሪስ ልክ ነው፣ ብሎኬቱ ላይ የጻፍኩትን እንደዚያ አንብበው፦ የቤቱ ይሰበር፣ የአጥሩ ይጽዳ። ባዞላውንም ከመስበርህ በፊት አንድ ጥግ ሞክር። በአሸዋ ብዛት የተነጠፈ ከሆነ በጠፍጣፋ መሮ ሙሉውን ይነሳል፣ ለግቢ መተላለፊያ ይነጠፋል። በሲሚንቶ ከተያዘ አትልፋበት።

ማንም ያላነሳው የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው። ማሽን ከመግባቱ በፊት በመጣጭ መኪና ይመጠጥ፣ ቦታው በኖራ ምልክት ይደረግበት፤ ከቤቱ ጓሮ ሁለተኛ የተረሳ አሮጌ ጉድጓድ እንዳለም ጎረቤት ጠይቅ። አፍራሾች ክፍት ጉድጓድ ሲያገኙ ፍርስራሹን ሁሉ እዚያ ይከቱታል፣ የሲኖ ምልልስ ስለሚቀንስላቸው። አዲሱ ፉቲንግ እዚያ ላይ ካረፈ ሕንፃው በአንድ ጎን ይሰምጣል። ጉድጓዱ ከፉቲንግ ርቆ ከሆነ እስከ ታች ተጠርጎ፣ ማቴሪያል_ቤት ባለው መንገድ በ20 በ20 ሴ.ሜ ተጠቅጥቆ ይሞላ። ከፉቲንግ ሥር ከዋለ ግን ለስትራክቸር ኢንጂነሩ ንገረው፣ ሙሌት አይበቃውም።